ሳማ ስለን ሳማ የበላን ዕለት

«ዛፍ ሳሉ» አልኳቸው። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። አሥራ አንዱም ባሕር ዛፍ ሳሉ። ቀጥ ያለ ግንድ፣ ከላይ ትንሽ ቅጠል፣ አለቀ።

ልጆቹ ምን ያድርጉ? ሰፈራችን ከለገጣፎ አልፎ ወደ ለገዳዲ ግድብ መሄጃ ላይ ነው። ዙሪያውን የሚያዩት ዛፍ እሱ ነው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ይናገራል፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ዋንዛውስ? ብሳናውስ? ወይራውስ? ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ሠዓሊ ነኝ። የቤት ኪራይ ሲንር ከመሐል ከተማ ወጥቼ እዚህ ገባሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ድርቅን ለመሳል ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በኤልኒኞ ምክንያት ዝናብ በቀረባቸው አካባቢዎች የደረሰውን በቴሌቪዥን ካየሁ ወዲህ ምስሉ ከውስጤ አልወጣም። የተሰነጠቀ መሬት፣ የከሳ ከብት። ሁለት ሸራ ጀመርኩ። የጎረቤት ልጆች ደጃፌ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ እያዩ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከበደኝና ሁለቱንም ሸራ ተውኩ። ከአጥርና ከማዕድ ቤት ለመጀመር ወሰንኩ። የሚበላውንና የሚበቅለውን አብረን እንሳል አልኩ።

የሱቅ ቀለም አይቀመስም። ስለዚህ እርድ ለቢጫ፣ የቡና አተላ ለቡኒ፣ ቀይ ሥር ለቀይ፣ ከሰል ለጥቁር አደረግን። ማጣበቂያው ከገበያ የገዛነው የግራር ሙጫ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ይሟሟል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲበጠብጡ የኖሩ ናቸው። ወረቀታችን ከሱቅ የለመንነው የፓስታ ካርቶን ነው። እርዱ ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ስናደርግበት ወደ ቀይ ሲለወጥ ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮህኩ።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። ሥዕሎቹን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀይ ሥሩ ጠፋ፣ እርዱም ገረጣ። ቲማቲም የሳለች ልጅ ባዶ ካርቶን ፊት ቆማ አለቀሰች። ቡናውና ከሰሉ ግን ንቅንቅ አላሉም። አሁን ማንኛውንም ቀለም ግማሹን በወረቀት ሸፍኜ መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ሳላቆይ ለልጅ አልሰጥም።

ክረምቱ ገባ። ጎረቤቴ ያሉ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ አንድ ቀን ሥራችንን ቆመው አዩና «አንቺ ልጅ፣ አበባ አበባውን ብቻ ታስያለሽ። ይቺንስ ማን ይሳላት?» አሉኝ። በምርኩዛቸው ያሳዩኝ አጥር ሥር ያለውን ሳማ ነው።

እማማ እንደነገሩን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ እህል ሳይደርስ ሲቀር ቤት የሚያድረው በሳማ ነበር። ይህ በደጋችን የምናውቀው ሳማ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አገር አይበቅልም። ልጆቹ በስልኬ ካሜራ አጉልተው አዩት። እሾህ የመሰላቸው ጠጉር ነው፤ ጫፉ እንደ መስታወት ይሰበርና መርዙን ቆዳ ውስጥ ያስገባል። ከተቀቀለ ግን አይለበልብም። አንዱ ልጅ እያንዳንዷን ጠጉር በከሰል ሲስል አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና አላለም። እማማ ለጋ ለጋውን በጨርቅ ይዘው ቀነጠሱ፤ አጥበው ቀቀሉት፣ ከተፉት፣ የገብስ ዱቄት ነሰነሱበት፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ። በእንጀራ በላነው። ጣፈጠን።

በማግስቱ የአንዱ ልጅ እናት መጣች። «እኛ ልጃችንን ሳማ እስክናበላ አልደረስንም፣ እትዬ» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ አዲስ ነገር የሆነው ምግብ ለእሷ የክፉ ቀን ትዝታ ነው። ሳልጠይቃት የልጇን አፍ ነካሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ከልቤ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከመቅመሳችን በፊት እናቶችን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜም ድስቱን የሚጥዱት እነሱ ሆነዋል። ያቺ እናት ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች። የእኔን የሳማ ሥዕል አየችና «የቅጠሉ ጠርዝ እንዲህ አይደለም» ብላ ከሰሉን ከእጄ ወሰደች። መጋዝ መጋዝ የመሰለውን ጠርዝ ሳታይ፣ በቃሏ ሳለችው።

ስለ ዝናቡም ሠርተናል። ትልቅ ክብ ስዬ ለአሥራ ሦስት ወር ከፈልኩት። ገበሬ አባቶችን ጋብዤ በልጅነታቸው ዝናቡ የሚጀምርበትንና የሚያባራበትን በቡና፣ የዘንድሮውን በከሰል እንዲያስቀምጡ ለመንኳቸው። ተከራከሩ፣ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው አጠፋ። ሁሉም የተስማሙት ሁለት ነገር ላይ ነው። በልጉ አይታመንም፤ ኅዳር ላይ የታጨደ ጤፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ ልብ ይሰብራል። አንዱ አባት ጤፍን አሞገሱት። መረሬ መሬት ውሃ ሲቋጥር ሌላው ሰብል ይበሰብሳል፣ ጤፍ ግን ይችለዋል አሉ። ከክቡ በላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብዬ በትልቁ ልጽፍ አስቤ ነበር። ተውኩት። እነሱ የሚያወሩት ስለ ኅዳርና ስለ ጤፋቸው ነበር።

እንሰቱ ግን ከሁሉም በላይ ይዞኛል። ከጉራጌ የመጡ ጎረቤታችን ጓሯቸው ውስጥ እንሰት አላቸው። ከ20 ሚሊዮን የማያንስ የአገራችን ሰው የሚኖርበት ተክል ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ ከደረሰ በኋላም ቆጮው በተፈለገ ጊዜ ይፋቃል። ጋሼ በጥር አንዱን እንሰት ነቀሉና ግንዱን ቆረጡ፤ የሥሩን መሐል ፈልፍለው አውጥተው አፈርና ፍግ ሞሉበት፣ ቀበሩት። «ገደሉት» አለች ቲማቲሟ የጠፋባት ልጅ። ጋሼ ሳቁ። «እናቲቱ ናት፤ ቆይ ታያለሽ» አሏት።

ልጆቹ ከመሬት በታች የሚሆነውን በየሳምንቱ እየገመቱ ሳሉ። አንዱ ጨለማ ሳለ፣ አንዱ ጣቶች ሳለ። ከሁለት ወር በላይ ምንም አልታየም። መጠበቁ ለእኔም ከበደኝ፤ ለጋሼ ግን ይህን አልነገርኳቸውም።

ግንቦት ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ልጅቷ የቤቴን በር ደበደበች። ካርቶኗን ይዛ ጓሮው ውስጥ ተንበረከከች። እየቆጠረች አንድ በአንድ ሳለቻቸው፤ አረንጓዴ ጫፎች፣ ተጠጋግተው የወጡ። ሠላሳ ሰባት ላይ ካርቶኑ ሞላ። ገለበጠችውና ከጀርባው ቀጠለች።