ፍሪዘር ውስጥ የቆየው ሙልሙል

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ ማለዳ ከአብሮ አደጎቼ ጋር በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደን ነበር። የሐዋሳ ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል፤ ጀልባዎቹ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረውን መረብ ጭነው ይጠጋሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ሆድ ዕቃውን ወደ ዳር ይወረውራሉ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎችም ከሰው ሳይሸሹ ድርሻቸውን ይለቅማሉ። ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ልጄን ይዤ ስመጣ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ በዳጣ የቀረበልኝን ዓሣ እንባ እየተናነቀኝ ነው የበላሁት።

ከመካከላችን አንዱ ታናሽ ወንድሙን በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። የሾርባ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እስኪ እውነቱን ንገሪን፣ እንዳትደብቂን፤ አንቺ የምትኖሪበት አገር ገነት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሌሎቹም ጨዋታቸውን አቋርጠው አፍ አፌን ያዩኝ ጀመር።

በቅንነት የተጠየቀ ጥያቄ ስለሆነ አልተቀየምኩትም። በረዶ ላይ ቆመን የተነሣነውን ፎቶግራፍ እንጂ ከሌሊት ሥራ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ የጣለንን ስለማንልክ፣ ጥፋቱ የእኛ የስደተኞቹም ነው። ሆኖም እናቴ ጎሕ ሳይቀድ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ እየወሰደች ያሳደገችኝ ሴት እንደመሆኔ፣ ገነት የሚለው ቃል ለአንድ አገር ሲሰጥ መስማት ከበደኝ። በዚያ ጠዋት በአጭሩ መመለስ ያቃተኝን እዚህ በሰፊው ልጽፈው ወደድኩ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው፤ ክረምቱ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት አገር። ሥራዬ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ረዳትነት ነው። በምኖርበት ሕንፃ ስምንት ዓመት ስቀመጥ፣ ጎረቤቶቼን በየበራቸው ላይ በሚያወልቁት ጫማ እንጂ በመልካቸው አላውቃቸውም ነበር። ሐዋሳ ሳለሁ ጎረቤት ሳያንኳኳ እየገባ ድስታችንን ሲከፍት እንዳልተማረርኩ፣ እዚያ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ድስቴን በከፈተልኝ ብዬ አልቅሻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ 9 ዓመት ሲሞላው፣ ቡሄን ሳያውቅ ሊያድግብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን አራት ልጆች ጨምሬ ሆያ ሆዬን ሁለት ሳምንት አስጠናኋቸው፤ ከመጥረጊያ እጀታ ዱላ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ሙልሙሉንም ምጣድ ስለሌለኝ በኦቭን ጋገርኩት። ነሐሴ 12 ቀን ወደ ማታ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሰፌዴን ታቅፌ፣ ልጆቹን አስቀድሜ ኮሪደሩ ላይ ወጣን። ዱላው ወለሉን ሲመታ ሕንፃው በሙሉ አስተጋባ፤ እኔም በዚያ ድምፅ ውስጥ የሰፈሬን ጭቃና የእናቴን ደጃፍ አየሁ።

ስድስት በር አንኳኳን። አምስቱ አልተከፈቱም፣ ከአንዳንዶቹ በስተጀርባ ግን የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር። ስድስተኛው፣ በሁለተኛው ፎቅ ጫፍ ያለው በር ተከፈተና አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት እናት ወጥተው፣ በሩን ተደግፈው፣ ልጆቹን እስከ ምርቃቱ ድረስ ሰሟቸው። ለእያንዳንዳቸው ሳንቲም ሰጧቸው፣ እኔም ከሰፌዱ ላይ አንድ ሙልሙል አንሥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ቤታችን የሚወስደውን ደረጃ ወጥተን ሳንጨርስ ሁለት ፖሊሶች ደረሱብን። ዱላ የያዙ ልጆች በር እየደበደቡ ነው ተብሎ ተደውሎላቸው ኖሯል።

ፖሊሶቹ ትሑታን ነበሩ፣ ልቤን የሰበረውም የእነርሱ መምጣት አይደለም። ሰፌዴን እንደታቀፍኩ ፊታቸው ስቆም፣ በሥራ ቦታዬ ያለ ችግር የምናገረው እንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ። ጌታ ፊቱ እንደ ፀሐይ ስላበራበት ተራራ፣ ሌሊቱ ቀን ስለመሰላቸውና ከብቶቻቸውን ይዘው በሜዳ ስለቆዩት እረኞች፣ ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ስለፈለጓቸው ወላጆች በአማርኛ ተናገርኩና ልጄን አስተርጉምልኝ አልኩት። እርሱ መሬት መሬቱን እያየ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «እንደ ሃሎዊን ነው» አላቸው። ከዚያም እኔ ሳልለው «ሁለተኛ አይደገምም» ብሎ ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀልኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የብርሃን በዓላችን የመናፍስት ጭንብል ከሚጠለቅበት ምሽት ጋር አንድ ሆኖ መቆጠሩ አንድ ነገር ነው፤ የወለድኩት ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ የእናቱ ጠበቃ ሆኖ፣ በእናቱም በአምላኳም በዓል አፍሮ ማየት ግን ሌላ ነው። ልጃችሁ በአገሩ ቋንቋ ከእናንተ በልጦ በባለሥልጣን ፊት ሲናገርላችሁ፣ እናንተ ልጅ እርሱ አባት የምትሆኑበት ያ ቀን በቪዛው ቅጽ ላይ አይጻፍም።

በዚያው ሌሊት ሥራ ገባሁ። በክፍሌ ካሉት አንዱ አዛውንት የልጆቻቸውን ስም ከረሱ ቆይተዋል፣ እኔንም በየቀኑ ማን ነሽ ይሉኛል። አንሶላቸውን ስቀይር እንባዬን አዩ መሰለኝ እጄን ያዙና አባታችን ሆይን ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ ቃል ሳይሳሳቱ በእንግሊዝኛ ደገሙ። እኔም በአማርኛ እየተከተልኩ፣ መንግሥትህ ትምጣ የሚለው ላይ በሁለት ቋንቋ እኩል ደረስን። ሁሉም ነገር ከአእምሮአቸው ሲጠፋ ያ ጸሎት ብቻ ሳይጠፋ ቀርቷል። እኒህ ሰው እኔን አያውቁኝም፣ እኔም ልጃቸው አይደለሁም፣ ነገር ግን አባታችን ስንል አንድ አባት ነበረን።

ከጥምቀት ማግሥት ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ በረዶ መካከል የሁለተኛው ፎቅ እናት ዕቃ ይዘው ሲቸገሩ አገኘኋቸውና ተሸክሜ ቤታቸው ገባሁ። ሥጋውን ላስቀምጥ ፍሪዘራቸውን ስከፍት፣ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በእስክርቢቶ ኦገስት 18 የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የእኔ ሙልሙል ተቀምጧል። ዝም ብዬ ሳየው አፈሩ። ከዚያም ለእርሳቸው ተብሎ በሰው እጅ የተጋገረ ዳቦ ካገኙ ብዙ ዘመን እንደሆነ፣ ቢበሉት የሚያልቅባቸው ስለመሰላቸው እንዳስቀመጡት ነገሩኝ።

በሐዋርያት ላይ የሆነው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ጴጥሮስም ታቦር ላይ ብርሃኑን ሲያይ «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» ብሎ ሦስት ዳስ ሊሠራ ፈለገ፤ ያየው እንዳያልቅበት ሊያኖረው ፈለገ። ዳሱ ግን አልተሠራም፤ ደመናው ጋረዳቸው፣ ከተራራውም ወረዱ፣ ከታች የታመመ ልጅ ይዞ የሚያለቅስ አባት ጠበቃቸው። የሰማይ ቅምሻ በዚህ ምድር ላይ ሲሰጥ በቅምሻ ልክ ነው የሚሰጠው። አሮጊቷን እናት «ሙልሙል እንዲበላ እንጂ እንዲቀመጥ አይጋገርም፣ ነሐሴ ሲመጣ ሌላ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ኦቭናቸው ውስጥ አሙቀን፣ ለሁለት ቆርሰን፣ በሻይ በላነው። አምስት ወር በበረዶ የቆየ ዳቦ ነበርና ዳር ዳሩ ደርቋል፤ እኔ ግን በሕይወቴ ከበላኋቸው ሁሉ ያን ያህል የጣፈጠኝን ዳቦ አላስታውስም። ሁለታችንም በልተን ስንጨርስ ፍርፋሪውን በጣታችን እየጫንን ለቀምነው።

ስለዚህ ለወዳጄ የምመልስለት ይህንን ነው። ገነት ነው ተብሎ የሚሄዱበት አገር የለም፤ ሲኦል ነው ተብሎ የሚሸሽ አገርም አላውቅም። ጳውሎስ አባቶች በምድር ላይ እንግዶችና መጻተኞች እንደሆኑ አምነው የሚበልጠውን ሰማያዊ አገር ይናፍቁ እንደነበር በዕብራውያን መልእክት ሲጽፍ፣ ለእኛ ለስደተኞቹ የጻፈው ይመስለኛል፤ ሐዋሳ ሳለሁም እንግዳ ነበርኩ፣ አላወቅሁትም እንጂ። ወንድምህን አትላክ ብዬ የማዝዝ ሰው አይደለሁም፣ ችግሩን አውቀዋለሁ፣ እኔም ሄጃለሁ። ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን፣ 14 ብቻ መትረፋቸውን አንተም ታውቃለህ። ያ መንገድ ወንድምህ የሚሄድበት መንገድ ነው። ደላላው ገነት ብሎ ሲሸጥልህ፣ ገነት የሚሸጥ ነገር አለመሆኑን ከማንም በፊት ክርስቲያን ሊያውቀው ይገባል። ሕጋዊ መንገድ አግኝቶ የሚሄድ ልጅ ካለህም፣ ዲግሪውን ከማስተርጎሙ በፊት ዳዊቱን በቃሉ እንዲይዝ አድርገው፤ በዚያ ብርድ ውስጥ የሚያሞቀውን አስቀድሞ ካልያዘ እዚያ ሄዶ አያገኘውም።

እኔም ስመጣ አገሬን ገነት አድርጌ ስዬው ነበር። በልጅነታችን ሆያ ሆዬ ስንል ያለፍንባቸው ክፍት ደጆች ዛሬ ከፍ ባለ ግንብ ታጥረው፣ በብረት በራቸው ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ስም ከሚጠራው ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ሥር ሆነን ሐይቁን እያየን ያደግንባት ከተማ ነገሩ እንዲህ ሲሆንባት ማየት ያሳዝናል፤ ስለ ፈረንጅ የተዘጋ በር ስናማ የኖርን ሰዎች የራሳችንን እንመልከት።

የቡሄ ዕለት ማታ ልጄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጣ። አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ ግጥሙን ግማሹን ረስቶታል፣ ዱላውንም ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚመታው፣ ነገር ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሆ!» ሲል ከእናቴ ደጃፍ ሆኜ ሰማሁት። አንድ አዲስ ፎቅ ቤት ጋ ዘበኛው ሳይከፍት መለሳቸው። ልጄም መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ «እማዬ፣ እዚህም አይከፍቱም እንዴ?» አለኝ። አንዳንዶቹ አይከፍቱም፣ አንዷ ግን ትከፍታለች ብዬ ወደ እናቴ ጠቆምኩት፤ እናቴ መሶቧን ይዛ ደጁን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሙልሙሉን ካደለች በኋላ፣ ልጄ የእርሱን ይዞ እንደገና እጁን ዘረጋ። ለሁለተኛው ፎቅ እማማ አንድ እንድትጨምርለት በተሰባበረ አማርኛው ጠየቃት። እናቴ፣ «የማን ልጅ ናት እሷ?» አለችው። እርሱም ጎረቤታችን እንደሆኑ፣ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ነገራት። እናቴ ከጓሮ ኮባ ቆርጣ አመጣች፣ አንዱን ጠቀለለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ ሌላ ጨመረችበት።

«ብቻዋን ከሆነችማ ሁለት ይሁንላት» አለች፤ «አንዱ ሰው ሲመጣባት ታቀርበዋለች።»