ቱሉ ዲምቱ ላይ ውኃ በስንት ይፈላል? የሴንሰር ልምምዳችን እስካሁን

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር በሴንሰር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መለኪያ፣ መለካት ልጀምር ነው ብያችሁ ነበር። የደረስንበት ይኸው።

የማስተምረው አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከከተማው ዳር ነው። ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለን። ውስጡ ብዙ ዕቃ የለም። ስለዚህ ከርካሹ ጀመርን፦ አንድ አርዱይኖ (ሴንሰሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ዲኤስ 18 ቢ 20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ሦስት ፍሬ። በብረት ቱቦ የታሸገውን ነው የገዛሁት፤ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ። ሽቦው ሦስት ብቻ ነው። ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምረው ልጆቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ገጥመው ጨረሱት።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ 85 ዲግሪ መጣ። ሴንሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፣ ውጭ ደግሞ ብርድ ነው። አንዱ ቡድን ግን 85 ብሎ ደብተሩ ላይ በጥንቃቄ ጽፎታል። ለምን አልኳቸው። «ቲቸር፣ እሱ ነዋ ያለው» አሉኝ። ይሄ መልስ እስከ ማታ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በማግስቱ ቱቦውን በእጃቸው አስነካኋቸው። ቀዝቃዛ ነው። እጃቸው አንድ ይላል፣ ስክሪኑ ሌላ።

ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚይዘው ቁጥር 85 ነው። በደንብ ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከተጠየቀ፣ ወይም መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠበት፣ ያንኑ 85 ይሰጣችኋል። የኛ ጥፋት ብሬድቦርዱ (ሽቦዎች ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ የላላ የኃይል ሽቦ ነበር። ድንገት 85 ካያችሁ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ሽቦውን ጫን ጫን አድርጉት።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ ማንኛውም ሴንሰር በበረዶ ሳይፈተን ወደ ሥራ አይገባም። በረዶውን ከሰፈር ጁስ ቤት እንለምናለን። ይደቅቃል፣ ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል፣ ይማሰላል። የሚቀልጥ በረዶ ከፍታው ላይም ሆነ ቆላው ላይ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሴንሰሮች ለዜሮ በጣም ቀረቡ። ሦስተኛው ከ2 ዲግሪ በላይ አሳየ። ገበያው ላይ አስመስለው የተሠሩ ስላሉ አልገረመኝም። አልጣልነውም፤ «ይህ 2 ይጨምራል» የሚል ወረቀት ለጥፈንበት ለይተን አስቀመጥነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውኃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣድን፣ ላፕቶፑ በየ10 ሰከንዱ ይመዘግባል። ረፋድ 4:20 ገደማ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። በኋላ ግራፉን ስናወጣው ሽቅብ ይወጣ የነበረው መስመር ድንገት ታጥፎ ቁልቁል ሲወርድ በግልጽ ይታያል። ልጆቹ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ በጣታቸው እያሳዩ ተንጫጩ። ግራፍ ማንበብ እንዲህ ሲገባቸው አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰል አቀጣጠልን። የውኃው ሙቀት ወጣ፣ ወጣ፣ 93 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መንተክተክ ጀመረ። መስመሩም እዚያው ላይ ተኛ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄም ተበላሽቷል፤ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው» አለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ድሮ በመስታወት ቴርሞሜትር ይህንኑ ሙከራ ስንሠራ ልጆች 93 ብለው ያመጡልኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ቴርሞሜትሩ አርጅቷል፣ 100 ብላችሁ ጻፉ» እላቸው ነበር። ለስንት ዓመት! በትክክል የለኩ ልጆችን ውጤታቸውን አስደልዣለሁ። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ያንን ቴርሞሜትር ከቁምሳጥን አወጣሁትና ከሴንሰሩ ጎን ከተትኩት። 93 አለ። ቀጥሎ ቢኤምፒ 280 የሚባለውን የአየር ግፊት ሴንሰር አገናኘን። 785 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ አነበበ። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 1013 አካባቢ ነው። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በ785 ደግሞ የሚፈላው 93 ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች አንድ ነገር ተናገሩ። ሴንሰሩ ከ85 ዲግሪ በላይ ስህተቱ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል፤ ቢሰፋም ግን ሰባት ዲግሪ አይደርስም።

ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ አለን። «እናቴ እዚህ ባቄላው አልበስል አለኝ ትላለች፣ ለካ ለዚህ ነው» አለ። ድሬዳዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ውኃ ወደ 96 ተጠግቶ ነው የሚፈላው። የእናቱን ወሬ ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ከባሕር ወለል በታች ያለችው ዳሎል ላይማ 100ን ትንሽ ያልፋል።

ልጀምር የምትሉ፣ ብዙ ዓይነት ሴንሰር አትግዙ። አንዱን ይዛችሁ እስክትተማመኑበት ፈትኑት። ልጆቹም ከመለካታቸው በፊት የሚጠብቁትን ቁጥር ይጻፉ። የኛዎቹ 100 ብለው ባይጽፉ ኖሮ 93 አያስደነግጣቸውም ነበር።

ቀጣዩ ሥራችን ግፊት መለኪያውን እንጦጦ አናት ድረስ ይዞ መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃው 90 አካባቢ ይፈላል ብለን ገምተናል፤ ግምቱ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አዳማ፣ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ውኃ አፍሉና ቁጥሩን ላኩልን። በበረዶ ስትፈትኑት ያሳየውንም አብራችሁ ጻፉ።