ማክስን ሳየው አመሸሁ

«ሰንሴት ቡሌቫርድ»ን ዛሬም ደግሜ አየሁት። ድሮ ዓይኔ ከኖርማ ዴዝመንድ ላይ አይነሳም ነበር። እንዴት ይነሳ! ዛሬ ግን አሽከሯን ማክስን ሳየው አመሸሁ።

ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ፊልም ነው። ታሪኩን የሚተርክልን ሟቹ ራሱ ነው፤ ሬሳው መዋኛ ገንዳ ላይ ተንሳፎ እናገኘዋለን። ጆ ጊሊስ ይባላል፤ ሥራ የራቀው፣ ዕዳ ያሳደደው የፊልም ደራሲ። መኪናውን ሊወስዱበት ከሚከታተሉት ሰዎች ሲሸሽ ኖርማ ግቢ ይገባል። ኖርማ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ዓለም ያበደላት ኮከብ ነበረች። ድምፅ መጣ፣ እሷ ተረሳች። መረሳቷን ግን አታውቅም።

ማን ይንገራት? የሚመጡላትን የአድናቂ ደብዳቤዎች ቁጭ ብሎ የሚጽፋቸው ማክስ ነው። አግኝቶ ኮከብ ያደረጋት ዳይሬክተርም እሱ ነበር። የመጀመሪያ ባሏም እሱ! አሁን በር ይከፍታል፣ ሻምፓኝ ይቀዳል፣ የአዲሱን ወዳጇን የጆን ክፍል ያሰናዳል። ፍቅር ነው ብዬ ልለፈው ብል አልዋጥልኝ አለ። ሰውዬው ዳይሬክተርነቱን መቼ ተወ? ቤቱ ስቱዲዮው ሆነለት፣ ደብዳቤው ስክሪፕቱ።

ማክስን የሚጫወተው ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም ነው። በእውኑም ዓለም ትልቅ ዳይሬክተር ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ «ኩዊን ኬሊ»ን ሲሠራ፣ ተዋናይቷም ፕሮዲውሰሯም ኖርማን የምትጫወተው ግሎሪያ ስዋንሰን ነበረች። አልተስማሙም። እሱ ተባረረ፣ ፊልሙም ሳያልቅ ቀረ። ኖርማ ለጆ የድሮ ፊልሟን የምታሳይበት ትዕይንት አለ አይደል? እዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ኩዊን ኬሊ» ነው። ማክስ ሆኖ የሚያጫውተው ደግሞ የተባረረው ስትሮሃይም! ዋይልደር አንጀቱ ጨካኝ ነው። (በነገራችን ላይ ሰውዬው መኪና መንዳት አይችልም ነበር። ሹፌር ሆኖ ሲታይ መኪናዋ እየተጎተተች ነው የተቀረጸው።)

ከሁሉ የምወደው ኖርማ ፓራማውንት ስቱዲዮ የምትሄድበትን ነው። ራሱን ሆኖ የሚጫወተው ዝነኛው ዳይሬክተር ሲሲል ቢ ዴሚል ወንበሩ ላይ ያስቀምጣታል። አንድ ማይክ ከኋላዋ መጥቶ የባርኔጣዋን ላባ ነካ ያደርጋል። በንቀት ገፋ ታደርገዋለች። ያጠፋት እሱ አይደል! ወዲያው ከላይ ያለ አንድ የመብራት ሠራተኛ ያውቃታል፤ መብራቱን ወደ እሷ ያዞራል። ሰው ይከባታል። ዴሚል መብራቱን እንዲመልስ እስኪያዝ ድረስ ብቻ።

ለካ ስቱዲዮው ሲደውል የነበረው አሮጌ መኪናዋን ለፊልም ለመከራየት ኖሯል። ማክስ ይህን እዚያው ይሰማል። እውነቱን ግን ይደብቃታል።

መጨረሻ ላይ ጆን ስለገደለች ፖሊስ ሊወስዳት ቤቱን ሞልቶታል፤ የዜና ካሜራዎች ተደቅነዋል። ኖርማ ፊልም የምትሠራ መስሏታል። ማክስ ካሜራዎቹ አጠገብ ቆሞ መብራት ያዛል፣ ከዚያ «አክሽን!» ይላል። እንባው እየተናነቀው። ስንት ዓመት የጠበቃት ትእዛዝ ናት! ይህን ያህል ደስታና ሐዘን አንድ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ፊልሙ ለ11 ኦስካር ታጭቶ 3 ወሰደ። ከታጩት 4 ተዋንያኑ አንዱም አልቀናውም፤ ስትሮሃይምንም ጆርጅ ሳንደርስ ቀደመው። ሳንደርስም ጎበዝ ነው፣ አልክድም። እኔ ብሆን ግን ለዚያች አንዲት «አክሽን» ስል ለስትሮሃይም እሰጠው ነበር።