ዛሬ የሳይንስ ትምህርታችን ሊጥ ነበር

ልጆቼን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሕጉ ይፈቅዳል እንዴ?» አዎ ይፈቅዳል። እዚህ ቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው ትምህርት ቢሮ ማሳወቅ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጆቹ መሻሻላቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ማስገባት። በቃ።

ዛሬ ታዲያ መጽሐፉን ዘግተን ወደ ሊጡ ሄድን። ልጄ ክዳኑን ከፍታ አረፋውን ስታይ «ማሚ፣ ይተነፍሳል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ጤፉን እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ያ ጋዝ ነው ሽቅብ እየወጣ እንጀራውን ዓይናም የሚያደርገው። ታላቅየው ወዲያው ወንጌል ላይ እርሾውን በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን ሴትዮ አነሳብኝ (ማቴዎስ 13)። ከዚያ በኋላ ሒሳብ የሚባል ነገር ማን ይስማኝ!

ትንሹ ትንሽ ያስለዋል። ዝንጅብል አፍልቼ በማር ሰጠሁት። እናቶች፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር እንዳትሰጡ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እማዬ በስልክ «ድሮ ስንሰጥ ማን ሞተ?» ትለኛለች፣ እሷን በዚህ በዚህ አልሰማትም። ደግሞ ተፈጥሯዊ ኑሮ እወዳለሁ ማለት ሐኪም እጠላለሁ ማለት አይደለም፤ ክትባታቸውንም በጊዜው ነው የማስከትበው። ጸልየን ተኝቷል፣ ትኩሳት ከጀመረው ነገ ሐኪም ጋ ነን።

እስቲ የጤና አዳም ዘር ያላችሁ ጠቁሙኝ፣ በረንዳዬ ላይ ልተክል ነው።