የቦል ጆይንት ግሪስ፦ የሁለት ክረምት ማስታወሻ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከፒክአፔ የግራ የፊት እግር የፈታሁትን የታችኛውን ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማው የሚታጠፍበትን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ በሞርሳ አስሬ በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈልሁት። ይህን ያደረግሁት ከቁጭት የተነሣ ነው፤ በየወሩ ግሪስ ሲሞላለት የኖረና በደብተሬ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ የተመዘገበለት ዕቃ ዓመት ሳይደፍን ላልቶ መገኘቱ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። መጋዙ ሥራውን ሲጨርስ ያየሁት ነገር ከዚያ በፊት ከጠየቅሁትም ካነበብሁትም የበለጠ አስተማረኝ። የግሪስ ማስገቢያው ኒፕል ባለበት በክዳኑ በኩል፣ ከኳሱ ሥር፣ ጥቁርና ለስላሳ ግሪስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ትናንት የተሞላ ይመስላል። ዘንጉ በሚወጣበት በአንገቱ በኩል ያለው የኳሱ ትከሻ ግን ደረቅ ነው፤ እንደ ሸክላ ዱቄት የቀላ ዝገት ለብሷል፤ በጥፍሬ ስዳብሰውም ክብነቱ ጠፍቶ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ሆኗል። በእንቁላል መጠን ዕቃ ውስጥ፣ የጠገበው ወገንና የተጠማው ወገን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬ ግን በአስፋልት ላይ ብቻ የሚያኖረኝ አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ወይ በደነባ በኩል ወደ እነዋሪ፣ ወይ ከጣርማ በር ተገንጥዬ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ እሄዳለሁ፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ መግባቱም የተለመደ ነው። ሙያዬ መካኒክነት አይደለም። የመኪናዬን የፊት እግር ራሴ መንከባከብ የጀመርሁት በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሳሳትሁትንም የተማርሁትንም እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው መኪናቸውን ለሚነካኩ ባልንጀሮች እነሆ እላለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ቦል ጆይንት ማለት ራሱ ክብ የሆነ የጠነከረ ብረት በማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በየአቅጣጫው እንዲዞር የተደረገበት መገጣጠሚያ ነው፤ ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየታጠፈ በአንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ የሚያስችለው እርሱ ነው። እንደ እኔ ፒክአፕ የፊት እግሩ ለየብቻ በሚንቀሳቀስና ላይኛና ታችኛ ክንድ ባለው መኪና ላይ በያንዳንዱ ወገን ላይኛውና ታችኛው ጆይንት አሉ፤ ሁለቱ ግን እኩል አይሠሩም። ሞላው ያረፈበትን ክንድ የሚያያይዘው ጆይንት የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ሌላው ጎማውን በአቅጣጫው ከመያዝ በቀር ብዙ ሸክም የለበትም። በእኔ መኪና ሞላው የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀው የታችኛው ነው። ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግለው ዘንግ) በላይኛው ክንድ ላይ በተሰካባቸው አንዳንድ የቆዩ ፒክአፖች ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ፊታቸው ድፍን አክሰል በመሆኑ በዚህ ቦታ ቦል ጆይንት የላቸውም፤ መታጠፊያቸው ከላይና ከታች በኩሽኔታ (በቤሪንግ) ነው የሚዞረው። ሆኖም በመሪያቸው ዘንግ ጫፎች ላይ ያሉት ቴስቲናዎች በውስጣቸው ያው ቦል ጆይንት ስለሆኑ፣ ባለ ላንድክሩዘሮችም ቢያነቡት የሚጠቅማቸው ነገር አያጡም።

አሁን ወደ ተከፈለው ዕቃ ልመለስ። የእኔ ጆይንት ማቀፊያው በታችኛው ክንድ ላይ ተጠምዶ ዘንጉ ወደ ላይ፣ ጎማውን ወደተሸከመው ብረት ይገባል። መኪናው በአራቱም እግሩ መሬት ላይ ሲቆም ሞላው ክንዱን ወደ ታች ይገፋዋል፤ መሬቱ ደግሞ ጎማውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ኳሱ ያለማቋረጥ ወደ አንገቱ በኩል ይጎተታል፤ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በላይኛው ትከሻው ላይ ነው፤ ከሥሩ፣ በክዳኑ በኩል፣ ጥቂት ክፍተት ይቀራል። እኔ ዓመቱን ሙሉ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ ሥር ገብቼ ፓምፑን ስጫን፣ ግሪሱ በሚቀለው መንገድ ሄዶ ያንን ባዶ ቦታ ሞላ፤ በሸክም ተጣብቆ ወደ ተዘጋው ትከሻ ግን አልገባም። የጆይንቱን አንገት የሚሸፍነው ላስቲክ ትንሽ ሲነፋ ሳይ ደግሞ ሁሉም ቦታ ደርሷል ብዬ አምን ነበር። በእርግጥም ግሪሱ በኳሱ ላይ ባሉት ቦዮች በኩል አልፎ ላስቲኩ ድረስ ደርሷል፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ዋናውን ሸክም የሚቀበለውን ገጽ ግን አልነካውም።

ሁለቱን ግማሾች በጋዜጣ ጠቅልዬ ለብዙ ዓመታት የከባድ መኪና መካኒክ ለነበሩ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ወሰድሁላቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ያጠጣኸው ሌላ፣ የጠማው ሌላ» አሉኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» ስላቸው፣ «ሸክሙን አውርድለትና አጠጣው» ከማለት በቀር ብዙ አልጨመሩም። ነገሩን ለመረዳት ግን ያ በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሜ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፤ የኋላ ጎማዎቹንም በታኮ አጸናለሁ። ክሪኩን የማስገባው በሻንሲው ሥር አይደለም፤ በታችኛው ክንድ ሥር፣ በተቻለ መጠን ለጆይንቱ ቀርቤ ነው። ይህ ልዩነት የሥራው ሁሉ ቁም ነገር ነው፤ በሻንሲው ከተነሣ ሞላው ተዘርግቶ ክንዱን ወደ ታች መግፋቱን ስለማይተው ጆይንቱ አሁንም በጉተታ ላይ ይቆያል። በክንዱ ሲነሣ ግን የሞላውን ኃይል ክሪኩ ይቀበላል፤ ጎማው ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ ሲል በጆይንቱ ላይ የሚቀረው የጎማውና የተሸካሚው ብረት ክብደት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ኳሱን ወደ ክዳኑ ስለሚጫነው የተጠማው ትከሻ ይከፈታል። በክሪክ ብቻ አምኖ እጅን ከሥር ማስገባት ሞኝነት ነውና መደገፊያ ብረት አስገባለሁ። ከዚያም ኒፕሉን በጨርቅ በደንብ እጠርጋለሁ፤ ኒፕሉ ላይ የተቀመጠ ጭቃ ካልተጠረገ ከግሪሱ ፊት ቀድሞ የሚገባው እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ከጫንሁ በኋላ ልጄ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያዞርልኝ አደርጋለሁ፤ እንደገና እጫናለሁ፤ እንደገና ያዞራል። አሮጌው ግሪስ በላስቲኩ ጠርዝ ብቅ ሲል ወይም ላስቲኩ ጥቂት ሲሞላ አቆማለሁ። የእጅ ፓምፕ ግፊቱ ከሚገመተው በላይ ኃይለኛ ስለሆነ፣ መውጫ የሌለውን ላስቲክ እንደ ፊኛ ነፍቶ ከመቀመጫው ሊያወልቀው ወይም ሊቀደው ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ክረምት አንዱን የቀደድሁት በራሴ ትጋት ነው።

የላስቲኩ ነገር ከግሪሱ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። የእነዋሪንና የአካባቢውን መረሬ የሚያውቅ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። በሐምሌና በነሐሴ ያ ጥቁር ጭቃ ከክንዱ ጋር እንደ ሊጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደርቆ ይጠነክራል፤ እግሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ላስቲኩን ይፈትገዋል። በበጋ ደግሞ የደቀቀው አቧራ በቀጭን ስንጥቅ እንኳ ይገባል፤ ከግሪሱ ጋር ሲቀላቀልም ማለስለሱ ቀርቶ መሞረጃ ይሆናል። የተሰነጠቀው ላስቲክ ያለው በአንገቱ በኩል፣ ማለትም ሸክም ከሚቀበለው ትከሻ አጠገብ በመሆኑ፣ ውሃውም አቧራውም በቀጥታ ወደ ክፉው ቦታ ነው የሚደርሱት። በእኔ ጆይንት ላይ ያየሁት ቀይ ዝገትም የገባው በዚያው በኩል ነበር፤ ላስቲኩ በውስጥ ወገኑ፣ ተንበርክኮ በማይታይበት ቦታ፣ የጥፍር ስፋት ያህል ተቀድዶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከመረሬ በተመለስሁ ማግስት ክንዶቹን በባልዲ ውሃና በብሩሽ አጥባለሁ፤ ላስቲኩንም በጣቴ ዙሪያውን እዳብሳለሁ። ወንዝ ከተሻገርሁ ደግሞ የወሩን ቀጠሮ ሳልጠብቅ ግሪስ እሞላለሁ፤ አዲሱ ግሪስ የገባውን ውሃ ገፍቶ ያስወጣዋልና።

ስለ ግሪሱ ዓይነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፈጽሞ ችላ ማለትም አይገባም። ለዚህ ሥራ የተለመደው ውፍረቱ በኤን.ኤል.ጂ.አይ. ደረጃ ቁጥር 2 የሆነው ነው። እኔ የምጠቀመው ሊትየም ኮምፕሌክስ የሚባለውን፣ ሞሊብዴነም የተጨመረበትን ነው፤ ሞሊብዴነሙ ዘይቱ በግፊት ሲሸሽ በብረቱ ገጽ ላይ ቀርቶ ብረትን ከብረት ይለያል። ካልሲየም ሰልፎኔት የሚባለው ውሃን በመቋቋም እንደሚበልጥ ይታወቃል፤ ካገኘሁት ለክረምት እርሱን እመርጣለሁ። የእኛ መንገድ የጠዋቱን የደብረ ብርሃንን ውርጭና የሸዋ ሮቢትን ቆላ በአንድ ቀን የሚያገናኝ ቢሆንም፣ ይህ የሙቀት ልዩነት ለቁጥር 2 ግሪስ ከባድ አይደለም፤ ማለዳ ፓምፑ ይጠነክራል እንጂ ሌላ ችግር አላየሁበትም። ይልቅ የሚያስጠነቅቀው መቀላቀሉ ነው። ግሪስ ዘይቱን የሚይዝለት ማወፈሪያ አለው፤ ማወፈሪያዎቻቸው የማይስማሙ ሁለት ግሪሶች ሲገናኙ፣ ለምሳሌ ፖሊዩሪያና ሊትየም፣ ቀጥነው ሊፈስሱ ይችላሉ። ቀለሙ ስለ ዓይነቱ ምንም አይናገርም፤ «ሰማያዊው ይሻላል፣ ቀዩ ይሻላል» የሚባለውን ክርክር ትቼዋለሁ።

መላላቱን ለማወቅ የምጠቀምበት ፍተሻም ያው በታችኛው ክንድ ሥር ማንሳትን ይጠይቃል፤ በሸክም ላይ ያለ ጆይንት ተጨንቆ ስለሚቆም የላላውም ያልላላ ይመስላል። ጎማውን ከላይና ከታች፣ በሰዓት ፊት 12 እና 6 ባሉበት ቦታ ይዤ እነቀንቀዋለሁ፤ ከጎማው ሥርም ረጅም ብረት አስገብቼ ወደ ላይ እሞክረዋለሁ። እንቅስቃሴ ካለ ልጄ ፍሬን ይረግጥልኛል፤ ፍሬን ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጆይንቱ ነው። በግራና በቀኝ፣ በ3 እና በ9 ቦታ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ቴስቲናው ነው። የሚፈቀደው ልክ እንደ መኪናው ይለያያል፤ አንዳንዱ ምንም እንቅስቃሴ አይፈቅድም። ይህን ፍተሻ ሳላውቅ በፊት፣ ጎርበጥ ባለ ቦታ ይሰማኝ የነበረውን ኳኳታ የሾክ አብዞርበር ነው ብዬ ሁለት ደህና ሾክ አብዞርበሮች ቀይሬያለሁ። ኳኳታው አብሮኝ ሰነበተ።

ስለ መቀየሩ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ሲፈታ በራሱ አይወጣም፤ እኔ ጎማውን በተሸከመው ብረት ጎን ላይ በሁለት መዶሻ ግራና ቀኝ በመምታት አላቅቀዋለሁ፤ ክንዱ በክሪክ እንደተደገፈ፣ ዳዶውም በጥቂት ጥርስ እንደተንጠለጠለ። አዲሱ ሲገባ ሾጣጣው ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ግሪስ ወዳጃችን ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ ጠላት ነው። ዳዶው በተባለው ልክ ከጠበቀ በኋላ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጥቂት ማጥበቅ እንጂ ወደኋላ መፍታት አይገባም፤ ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ቀጥሎ ወደ አላይመንት፣ ማለትም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ መሄድ ግድ ነው። ስገዛ ደግሞ ኒፕል ያለውን እመርጣለሁ። ኒፕል የሌለውና በውስጡ ፕላስቲክ ማቀፊያ ያለው ዝግ ጆይንት በአስፋልት ላይ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ላስቲኩ በጭቃ ላይ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ግን የሚታደገው ነገር የለም፤ በመርፌ ወግቶ ግሪስ የሚሞላ ሰው አይቻለሁ፤ ራሱ የወጋው ቀዳዳ በኋላ ውሃ ማስገቢያ ሆነበት።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2017 የገባው የግራ ጆይንት አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል፤ ባለፈው ቅዳሜ በብረት ብሞክረው ንቅንቅ አላለም፤ በላስቲኩ ጠርዝ የወጣውም ግሪስ ጥቁር እንጂ ቀይ አልነበረም። የቀኙ ግን አሮጌው ነው፤ አልቀየርሁትም፤ አሞላሉን ብቻ ነው ያስተካከልሁለት። ከመስቀል ወዲህ መሪው እስከ ዳር ሲታጠፍ በቀኝ በኩል ቀጭን ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ግሪስ ስሞላለት ለሦስት ቀን ዝም ይልና ይመለሳል። ላስቲኩ ደህና ነው፤ ፍተሻውም እንቅስቃሴ አላሳየኝም። ቢሆንም አዲሱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በኅዳር አውጥቼ እርሱንም በሞርሳ አስሬ እከፍለዋለሁ፤ ዘግይቶ የመጣው ግሪስ ትከሻው ድረስ ደርሶ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።