ቀኑን የሚውል ጥቅልል፦ በፎን፣ በክብ ብሩሽና በካውያ

ጠዋት አምሮ የተሠራ ፀጉር አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይደርስ ሲፈታ ብዙ ሰው የፀጉር መጠቅለያ ካውያው አልሞቀም ብሎ ዲግሪውን ይጨምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ፀጉሩ በደንብ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ይሆን? ሳይቀዘቅዝስ ተነክቶ ይሆን?

ለጋ ቅቤ የተቀባ ፀጉር በአንድ ሻምፖ አይለቅም፤ ሁለቴ አጥባለሁ። ቅባት ከቀረበት ጥቅልሉ ከብዶ ይወርዳል፣ ካውያው ላይም ጠቁሮ ይጋገራል። ውሃውን በፎጣ ጫን ጫን እያደረግኩ አወጣለሁ እንጂ አላሽም። ከሙቀት የሚከላከል ስፕሬይ እርጥቡ ላይ ነፍቼ በሰፊ ማበጠሪያ አዳርሳለሁ።

ስስ ፀጉር አብዛኛው እስኪደርቅ ብሩሽ አልነካውም። ጠንካራ ፀጉር ግን ተኮማትሮ ከደረቀ ማፍታታቱ ስለሚከብድ ገና እርጥብ ሳለ መወጠር አለበት። ከማጅራት ጀምሬ ከብሩሹ ያልሰፋ ክፋይ እይዝና ብሩሹን ከሥር እስከ ጫፍ እየወጠርኩ እስባለሁ፤ የፎኑም አፍ ወደ ጫፍ እያየ ይከተለዋል። ነፋሱ ከጫፍ ወደ ሥር ከሄደ የፀጉሩን ቅርፊት ይገለብጥና ያንጨባርረዋል። ፀጉሩ ብሩሹን ቢያንስ አንድ ዙር ተኩል ካልዞረው ጫፉ ይታጠፋል እንጂ አይጠቀለልም፤ ትከሻ ለሚነካ ፀጉር ውፍረቱ 43 ሚሊሜትር የሆነ ብሩሽ ይበቃል።

ወደ ካውያው ከመሄዴ በፊት እያንዳንዱን ክፋይ በጣቴ እዳስሳለሁ። ቀዝቀዝ ካለኝ ገና እርጥበት አለው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ካውያው ደግሞ 150 ወይም ከዚያ በላይ ነው። እርጥብ ፀጉር ሲነካው ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፀጉሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቸስ የሚል ድምፅ ከሰማሁ ወዲያው እለቃለሁ።

የምመርጠው ካውያ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ነው። ለስስ ወይም ቀለም ለተቀባ ፀጉር 150፣ ለመካከለኛ 170፣ ለጠንካራ 185 ዲግሪ፤ ክፋዩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር፣ ቆይታው ከ8 እስከ 10 ሰከንድ። አንድ ክፋይ ላይ ሁለቴ አልመለስም።

አሁን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሙቀቱ በፀጉሩ ውስጥ ያሉትን ማያያዣዎች ያላላቸዋል፤ መልሰው የሚጠብቁት ፀጉሩ በቀዘቀዘበት ቅርጽ ነው። ስለዚህ ትኩሱን ጥቅልል ከካውያው ላይ በመዳፌ ተቀብዬ፣ እንደተጠቀለለ ራስ ቅሉ ላይ በክሊፕስ አስይዘዋለሁ። ከመጨረሻው ክፋይ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በጣት ብቻ ይበተናል። ትኩሱን ማበጠር የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የአየሩ እርጥበት እነዚያኑ ማያያዣዎች መልሶ ያላላል። ያኔ በ19 ሚሊሜትር ጠበቅ አድርጌ እጠቀልላለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ላላ ብሎ የተፈለገውን መጠን ይይዛል። ነጠላ ለምትለብስ ደግሞ አናቷን በብሩሽ ብቻ አስተኝቼ ጥቅልሉን ከጆሮ በታች እጀምራለሁ፤ ከላይ ያለው በነጠላው ተጨፍልቆ መዋሉ አይቀርም።

ከአሜሪካ የመጣ ካውያ ከሆነ መያዣው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 110 ብቻ ካለ በእኛ 220 ይቃጠላል፤ የሶኬት መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። መብራት በመሀል ከጠፋም ካውያውን ወዲያው ንቀሉ፤ ሲመለስ አልጋ ላይ ተረስቶ ሊግል ይችላል።