ፊልሙ ውስጥ ያልነበረችው ሁዌ

ከዳ ናንግ ተነስቼ ሁዌ የገባሁት ረፋድ ላይ ነው። ባቡሩ የሃይ ቫንን ተራራ ታክኮ፣ ባሕሩን ቁልቁል እያሳየን ሦስት ሰዓት ገደማ ተጓዘ። ይህችን የቬትናም ከተማ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ይመስለኝ ነበር። በፊልም።

በፈረንጆቹ 1987 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ የቬትናም ጦርነት ፊልም «ፉል ሜታል ጃኬት» መጀመሪያ የአሜሪካ ማሪን (የባሕር ኃይል እግረኛ) ምልምሎችን ስልጠና ያሳያል፤ ሁለተኛው ክፍሉ ውጊያውን የሚያሳየው ሁዌ ላይ ነው። ትዝ የሚለኝ የፈራረሰ ኮንክሪት፣ ጭስና እሳት ነው። ከጣቢያው ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ግን ሰፊ፣ ዝግ ብሎ የሚፈስ ወንዝ አገኘሁ። ግራ ቀኙ ዛፍ ብቻ።

ፊልሙ የተቀረጸው እኔ በምኖርበት ለንደን ነው። ቤክተን በሚባል ሰፈር፣ ሥራ ባቆመ የጋዝ ፋብሪካ ውስጥ። ዘንባባዎቹ እንኳ ከስፔን የመጡ ናቸው። ቦታውን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ የገበያ ማዕከል ሆኗል።

የስልጠናው ክፍልም የተቀረጸው እዚያው እንግሊዝ፣ አንድ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። እሱን ግን አምነዋለሁ። አሰልጣኙን ሆኖ የሠራው ሊ ኤርሚ የእውነት የማሪን አሰልጣኝ ነበር። ለአማካሪነት ተቀጥሮ መጥቶ ነው ሚናውን የወሰደው። ምልምሎቹ ፀጉራቸው ይላጫል፣ ስማቸው ይቀየራል፣ አንዱ ባጠፋው ሌላው ይቀጣል። ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ በ8 ሳምንት እንዴት እንደሚሰበር እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ፊልም የለም። ዛሬም ሳየው ሆዴን ይበላኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥንቱ የነገሥታት ግንብ ገባሁ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 1968 ሌሊት የሰሜን ቬትናም ጦርና ቬትኮንጎች (አጋሮቹ የሆኑት የደቡብ ኮሚኒስት ታጣቂዎች) ከተማዋን ያዙ። ውጊያው አንድ ወር ያህል ቆየ። ነገሥታቱ ያሠሯቸው ዘጠኝ ትልልቅ የነሐስ ጋኖች ላይ የጥይት ምልክት አለ። ቆሜ ብዙ አየኋቸው። በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አልቋል፤ ከፊሉ በቦምብና በመድፍ፣ ከፊሉ ከተማዋን በያዙት ኃይሎች ተረሽኖ። ከፊልሙ የሁዌ ሰዎች መካከል ግን ትዝ የሚሉኝ አንዲት ሴተኛ አዳሪና አንዲት ተኳሽ ልጅ ብቻ ናቸው። ይሄ አናደደኝ። ስንቴ አይቼው እስከዛሬ እንዴት አላስተዋልኩም?

ማታ ቡን ቦ የሚባለውን ትኩስ ሾርባ ከአንዲት እናት ገዝቼ በላሁ። ዕድሜያቸውን ገመትኩ፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ቋንቋቸውን አላውቅም። እሳቸው ሎሚ ቆርጠው ሳህኔ ላይ ጨመቁልኝ፣ ብላ አሉኝ በእጃቸው።